ታሪፉን የከፈልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ጊዜ ያላችሁ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ጊዜ የሌላችሁ መጨረሻ ላይ ያለችውን ጥያቄ ብቻ መልሱልኝ።

የበዓል ትራንስፖርት ጉዳይ ነው። "ኧረ አሁንም እሱ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። በየዓመቱ እናማርራለን፣ የመናኸሪያውን ግፊያ ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን፣ "አይ ይቺ አገር" ብለን ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ በሚቀጥለው በዓል ያንኑ እንደግመዋለን። እኔም ለዓመታት ከአማራሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ዘንድሮ ግን ማማረር ከበደኝ። ምክንያቱም ዘንድሮ እኔን ማንም አልበዘበዘኝም። በገና ዋዜማ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ስሄድ የከፈልኩት ታሪፉን ብቻ ነው፤ አንዲት ብር ጭማሪ የለችበትም። ያሳፈረኝም እሱ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን፣ ጫጫን አልፈህ፣ ብርዱ ጉልበትህን ሲነካህ ደርሰሃል ማለት ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነና መኪናው ደህና ከሆነ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ጉዞ ነው። በአዘቦት ቀን ረዳቱ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ "ደብረ ብርሃን! የሞላ! ደብረ ብርሃን!" ይላል። በዋዜማ ግን ረዳቱ አይጣራም። ሰው ነው እሱን የሚጣራው።

በዋዜማው ግማሽ ቀን አስተምሬ፣ ደብተር ማረሙን ለነገ ብዬ ወጣሁ። መናኸሪያ ስደርስ 7 ሰዓት አልፏል። ሰልፍ ነበር አሉ፤ ጠዋት። እኔ ስደርስ የቀረው ግፊያ ነው። መኪና በበሩ ብቅ ሲል ሰው ገና ሳይቆም ይሮጥለታል። ዕቃ በመስኮት ይገባል፣ ልጅ በመስኮት ይገባል። አንዲት እናት ዶሮዋን ከሰው ጭንቅላት በላይ ከፍ አድርጋ ይዛ ትጋፋለች። ደላሎቹ በሰው መሀል እየተሹለከለኩ "ደብረ ብርሃን በእጥፍ፣ አሁን የሚወጣ" ይላሉ፤ በሹክሹክታ። ያው ሁሉም ሰው የሚሰማው ሹክሹክታ ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆሜ እግሬ ሲዝል "ቲቸር! ቲቸር!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አንድ ረጅም ልጅ ከሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ እጁን ያወዛውዝልኛል። "አላወቁኝም?" አለኝ። አወቅኩት። ከአምስት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬዋለሁ። ከኋላ ረድፍ የሚቀመጥ፣ ደብተር የማይይዝ፣ ግን ሰሌዳ ላይ ስህተት ስሠራ ቀድሞ የሚያየኝ ልጅ ነበር። 10ኛ ላይ አቋረጠ ሲባል ሰምቼ ነበር። ስሙን አልጠቅስም፤ ይህን የሚያነቡ የክፍል ጓደኞቹም ካወቃችሁት እንዳትጽፉት አደራ።

ክንዴን ይዞ ከሰው መሀል መዝዞ አስገባኝ። ከእኔ በፊት የቆሙ ሰዎች ነበሩ። አየኋቸው። ገባሁ።

መቀመጫው ለ12 ሰው ነው። ቆጠርኩ፤ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ነው። 17 ነን። በመቀመጫዎቹ መሀል ዱካ ገብቷል፣ ጀሪካን ላይ የተቀመጠ አለ። ከጎኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ጥቁር ፌስታል ታቅፋ ተቀምጣለች። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። አሠሪዎቿ ለገና አንድ ቀን ፈቅደውላታል፤ "ነገ ማታ ካልተመለስሽ እንዳትመጪ ተብያለሁ" አለችኝ እየሳቀች። ሳቋ ግን የሳቅ አልነበረም። የምትወርደው ጫጫ ነው። እናቷን ካየቻት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል።

መኪናው ከከተማ ወጣ እንዳለ "ሒሳብ ወጣ ወጣ እናድርግ!" አለ ተማሪዬ። እጥፍ ነው። አንድ ሰውዬ ከኋላ "ኧረ ታሪፉ…" ብሎ ጀመረ። "በዓል ነው አባቴ፣ ባዶውን ነው የምመለሰው፤ ካልተስማማዎት ወርደው ሌላ መኪና መጠበቅ ይችላሉ" አለው። የት ወርዶ? ሜዳ ላይ ነን እኮ። ሰውየው ከፈለ። ልጅቷ "እኔ ጫጫ ወራጅ ነኝ" አለችው። "ጫጫም ደብረ ብርሃንም አንድ ነው እህቴ፣ በዓል ነው።" ከፌስታሏ ትንሽ ቦርሳ አወጣች፣ ብሩን ሁለቴ ቆጠረችው፣ ሰጠችው። ከዚያ ለእኔ ይሁን ለራሷ "ለእናቴ ቡና ልገዛ ያልኩት ነበር" አለች።

እኔ ጋ ሲደርስ የእጥፉን ሰጠሁት። ግማሹን መለሰልኝ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ "ለእርስዎ ታሪፉን ነው ቲቸር፤ ያስተማሩኝ እኮ ነዎት" አለኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት፤ ብሩን ኪሴ ከተትኩ። አስቡት። የራሴን ገንዘብ ስለመለሰልኝ መረቅኩት።

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ደስታ ነው። መታወቅ ደስ ይላል። ማስተማር በደመወዝ የማይከፍል ሥራ ነው፤ እንዲህ ባለ ቀን በ"ቲቸር" ይከፍላል። ያ ደስታ የቆየው ግን ትራፊክ ፖሊስ እስኪያስቆመን ድረስ ነው።

ከማስቆሙ በፊት "ጎንበስ፣ ጎንበስ በሉ እባካችሁ!" ተባለ። ዱካና ጀሪካን ላይ የተቀመጡት ሕጻን እንደሚያጫውት ሰው ዝቅ አሉ። ትራፊኩ በሩን ከፍቶ "እንኳን አደረሳችሁ" አለ በጨዋ ደንብ። ቀጥሎ "ስንት ከፈላችሁ?"

ጸጥ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው "ታሪፉን!" አለ። ሌላውም "ታሪፉን፣ ታሪፉን" አለ። "ኧረ ታሪፉ…" ብሎ ጀምሮ የነበረው ሰውዬም "ታሪፉን" አለ። ልጅቷም አለች። ትራፊኩ እንዳላመነ ያስታውቃል። መኪናውን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። መነጽር አድርጌያለሁ፣ የደብተር ቦርሳ ታቅፌያለሁ። "ጋሼ፣ እርስዎስ?" አለኝ።

"ታሪፉን ነው የከፈልኩት።"

እውነቴን እኮ ነው! በዚያ መኪና ውስጥ እውነት የተናገርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ትራፊኩም አመነኝ፤ ሰው እውነቱን ሲናገር ፊቱ ያስታውቃል። የሁሉም ሰው ውሸት የታመነው በእኔ እውነት ነው። ሹፌሩ ለትርፍ ሰው ብቻ ተቀጥቶ ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። ቅጣቱን የሚከፍለው ያው ከተሳፋሪው በወሰደው ገንዘብ ነው። መኪናው ተነሳ፤ አንዳንዱ "ተመስገን" አለ። ልጅቷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ጫጫ ስትወርድ "እንኳን አደረስዎ ጋሼ" አለችኝ። ኪሴ ውስጥ የነበረችው ግማሽ፣ የእናቷን ቡና ትገዛ ነበር። አልሰጠኋትም። ለምን እንዳልሰጠኋት እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ብሰጣት ለምን እንደሰጠኋት መናገር ሊኖርብኝ ስለሆነ ነው።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ቆም ልበል። እንዲህ ስትሰሙ "ሕዝቡ ውሸታም ሆኗል፣ ለራሱ መብት አይቆምም" ማለት ይቀናችኋል። እኔም ሻይ ቤት ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ግን እስቲ አስቡት። ያቺ ልጅ "እጥፍ ነው የከፈልኩት" ብትል ምን ታገኛለች? መኪናው ይታገዳል። 17ቱም ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ሰዓቱ ወደ 11 እየተጠጋ ነው። ብሩ ይመለስላታል አይመለስላትም የሚያውቅ የለም። የተመደበላት ደግሞ አንድ ቀን ነው፤ ከዚያም ላይ ይቀነሳል። ጥያቄው የተጠየቀችው እውነቱ እሷን ብቻ በሚያስከፍልበት ቦታ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ "ታሪፉን" ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ስለዚህ በየበዓሉ "ኅብረተሰቡ ጥቆማ ይስጥ" ሲባል እስቃለሁ። ኅብረተሰቡ መኪናው ውስጥ ነው ያለው፤ መኪናው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ተማሪዬን ሻይ ጋበዝኩት። ልገስጸው ነበር ያሰብኩት፤ አልዋሽም። እሱ ግን ቀደመኝና "ቲቸር ተቀይመውኛል አይደል?" አለኝ። ከዚያ ሒሳቡን ሠራልኝ። የባለንብረቱ የቀን ገቢ በበዓል ቀን ከፍ ይላል፤ "ሰው ሞልቷል" ተብሎ። ደላላው በሰው ቁጥር ይቀበላል። የሹፌሩ አለ። ነዳጁ አለ። ለእሱ የሚተርፈው ከአዘቦቱ ያን ያህል አይለይም። "ደግሞ ባዶውን ነው የምመለሰው ስል ውሸቴን አይደለም" አለ። ልክ ነው። በዋዜማ ከአዲስ አበባ የሚወጣ እንጂ የሚገባ ሰው የለም። "እናትህ ጋ አትሄድም?" አልኩት። "እሷ ያለችው በሌላ መስመር ነው" አለኝ። ገናን ያደረው መኪናው ውስጥ ነው።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ክርክሩን በቁጥር ልየው። ታሪፉ 100 ብር ነው እንበል፤ ለስሌት ያህል ነው። 12 ሰው ሲሄድ 1,200፣ 12 ሰው ሲመለስ 1,200፤ ደርሶ መልስ 2,400 ብር። በዋዜማ ሞልቶ ሄዶ ባዶውን ቢመለስ የሚያገኘው 1,200 ብቻ ነው፤ ወጪው ግን ከሞላ ጎደል ያው ነው። ስለዚህ 200 ብር ቢያስከፍል 2,400 ይሆንለታል፤ ከአዘቦቱ እኩል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ልጁ ልክ ነው፤ እኛ አማራሪዎቹ ይህን ቆጥረን አናውቅም። ነገር ግን 17 ሰው በ200 ብር 3,400 ይመጣል። ያ 1,000 ብር የባዶ መመለስ ካሳ አይደለም፤ ጀሪካን ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ጉልበት ነው። በዚያ ላይ በአዘቦት ቀን ሞልቶ ለመውጣት ተራ ሲጠብቅ ይውላል፤ በዋዜማ በ10 ደቂቃ ይሞላል። በቀን አንዴ የሚመላለሰው ሁለቴ ይመላለሳል፤ ያውም እየተቻኮለ። በዓል በመጣ ቁጥር የመንገድ አደጋ የምንፈራው በከንቱ አይደለም።

እና የእኔ አቋም ምንድን ነው? ብዙዎቻችሁ እንደምትቃወሙኝ እያወቅኩ ልናገረው፤ የበዓል ታሪፍ ይኑር። አዎ፣ ጭማሪ ይኑር። ግን የሚመለከተው አካል ባዶ መመለሱን ቆጥሮ፣ ተራ መጠበቁ መቅረቱን ቀንሶ ያሰላው፣ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት የተነገረ፣ መኪናው መስታወት ላይ የተለጠፈ፣ ለሁሉም እኩል የሆነ ጭማሪ። ጫጫ ለሚወርድ የጫጫ፣ ሸኖ ለሚወርድ የሸኖ። አሁንም ጭማሪ አለ እኮ! የሌለው ልኩ ነው። ዛሬ ልኩን የሚወስነው የረዳቱ ዓይን ነው፤ ማን እንደቸኮለ፣ ማን እንደማይከራከር፣ ማን እንደሚያውቀው ያያል።

"ነጻ ገበያ ነው፣ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ ይጨምራል" የሚሉኝ አሉ። መልካም። ገበያ ከሆነ ግን ዋጋው ከመግዛቴ በፊት ይነገረኝ። ዋጋው የሚነገርህ በሩ ተዘግቶ፣ ከተማው ከኋላህ ቀርቶ ከሆነ እሱ ገበያ አይደለም። አማርኛው ሌላ ስም አለው።

ሁለተኛው ነገር ቀኑ ነው። ገና ድንገት አይመጣም። ታኅሣሥ 29 ነው። በ4 ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ እሱም ቢሆን ከዓመታት በፊት የሚታወቅ ነው። 43 ቀን ጾመን ነው የምንደርስበት፤ ማለትም 43 ቀን ሙሉ እየመጣ እንደሆነ ሆዳችን ይነግረናል። ላሊበላን ለመሳለም በእግር የሚሄዱት እንኳ የመንገዳቸውን ቀን ቆጥረው አስቀድመው ይነሳሉ። የእኛ መናኸሪያ ግን በየዓመቱ በዋዜማው ይደነግጣል። እንደ ድንገተኛ ጎርፍ።

ስለዚህ እንዲህ ቢደረግ እላለሁ። የበዓል ሳምንት ትኬት ከቀናት በፊት ይሸጥ፤ የወንበር ቁጥርና ዋጋ ያለው። ረጅም መስመር የሚሄዱ ትልልቅ አውቶቡሶች ትኬት አስቀድመው ይቆርጡ የለ? ለአጭሩ መስመር ምን ይከለክላል? የመብራትና የውሃ በስልካችን እየከፈልን፣ የደብረ ብርሃን ወንበር በስልክ መያዝ የሰማይ ሥራ አይደለም። ስልክ ለሌለው ደግሞ መስኮት ይከፈትለት። የተማሪ ሰርቪስ መኪኖች በበዓሉ ቀናት ቆመው ይውላሉ፤ ተመርምረው፣ ለዋዜማና ለማግስቱ ፈቃድ ተሰጥቷቸው ይሥሩ። ቁጥጥሩ ደግሞ ከመንገድ ወደ መናኸሪያው በር ይዛወር። ሰው ከመክፈሉ በፊት፣ መኪናው ሳይወጣ፣ "ስንት ተባላችሁ?" ብሎ የሚጠይቅ ይኑር። መንገድ ላይ የተገኘ እንደሆነም ትርፉ እዚያው ለተሳፋሪው ይመለስና መኪናው ይቀጥል፤ የሹፌሩ ቅጣት በኋላ ይደርሳል። ያን ጊዜ እውነት መናገር ተሳፋሪውን አያስቀጣም። ልጅቷም "እጥፍ ነው የከፈልኩት" ትላለች፤ ማለት አቅቷት አይደለም።

ቀጣሪዎችም ድርሻ አለን። "አለን" ያልኩት አንዳንዳችን ቤት ሠራተኛ ስላለች ነው። አገሩ በሙሉ በአንድ ቀን ወጥቶ በአንድ ቀን የሚመለሰው የተፈቀደለት አንድ ቀን ስለሆነ ነው። ሁለት ቀን ብንጨምርላት ግማሹ ሰው ቀድሞ ይሄዳል፣ ግማሹ ዘግይቶ ይመለሳል። ግፊያው ይቀንሳል፣ እጥፉም ይቀንሳል። ይሄ መመሪያም ስብሰባም አይፈልግም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ምክር ብቻ ሰጥቼ እንዳልሄድ።

የበዓሉ ማግስት፣ ታኅሣሥ 30፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ተገኘሁ። 5 ሰዓት ላይ ክፍል አለኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እዚህም እጥፍ ነው፤ የዚህኛው ሰበብ "ባዶዬን ነው የመጣሁት" ነው። ገብቼ ተቀመጥኩና በሩ ሳይዘጋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በአስተማሪ ድምፄ "ወንድሜ፣ ታሪፉ ስንት ነው?" አልኩ። ረዳቱ "ፋዘር፣ በዓል ነው" አለኝ። (ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ፤ "ፋዘር" ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ።) "አውቃለሁ፤ ታሪፉን ነው የጠየቅኩት" አልኩ። አንድ ወጣት ሳቀብኝ። አንዲት ሴትዮ "ልጄ፣ መኪናው ይሂድበት" አሉኝ። አንድ ሽማግሌ ግን "ልጁ እኮ ያልሆነ ነገር አልጠየቀም" አሉ። ተነስቼ ወረድኩ። ሽማግሌውም ወረዱ። አንድ ወታደርም ወረደ፤ ለምን እንደወረደ አልነገረንም።

ሦስት ወንበር ባዶ ሲሆን ረዳቱ ተከተለን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በቃ ለእናንተ ለሦስታችሁ ታሪፉን፤ ለሌላ እንዳታወሩ" አለ።

እንግዲህ ፈተናው ድጋሚ መጣ። ፈተና ላይ የወደቀ ተማሪ ያው ጥያቄ ድጋሚ ሲመጣለት እንደሚደሰት ደስ አለኝ። ሽማግሌውን አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ። "ለሁሉም ከሆነ እንገባለን" አልኩት። ሳቀ። በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋው፤ ሦስት ሰው በቅጽበት ተገኝቶ ነበር። ሄዱ።

ብርድ ላይ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቆምን። በመጨረሻ ያገኘነው መኪናም እጥፍ ነው ያስከፈለን። ከፈልን። 5 ሰዓት የነበረኝን ክፍለ ጊዜ አልደረስኩበትም፤ አንድ ባልደረባዬ ገብቶልኛል፤ ይስጠው። ተማሪዎቼ፣ ያን ቀን የት እንደነበርኩ ስትጠይቁኝ "መንገድ ተዘጋግቶ" ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። እውነቱ ይሄ ነው። ክፍለ ጊዜያችሁን ለእኔ ሕሊና ከፍላችኋል፤ ቅዳሜ እክሳችኋለሁ።

እንግዲህ ድል የለም። "አንድ ሰው ሲቆም አገር ይለወጣል" ልላችሁ አልችልም፤ አልተለወጠም። አንድ ነገር ግን ገባኝ። ክፍል ውስጥ ሁሌ የምላችሁን ታስታውሳላችሁ፤ መልሱ ልክ ቢሆንም አሠራሩ ስህተት ከሆነ ማርክ የለም። በዋዜማው ታሪፉን ከፈልኩ፤ መልሱ ልክ ነበር። አሠራሩ ግን ስህተት ነበር፤ ምክንያቱም ልኩን ያገኘሁት በትውውቅ ነው። የሁሉም የሆነ መብት ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ሲነገረኝ ያኔ መብት መሆኑ ቀርቶ ውለታ ሆነ። ውለታ ደግሞ አፍ ይዘጋል። እኔን የዘጋኝ ፍርሃት አይደለም፤ ማንም አላስፈራራኝም። የዘጋኝ ተማሪዬ ስላከበረኝ ነው።

እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። ስኳር ሲጠፋ የሚያስቀርልን ባለሱቅ፣ ወረፋ ሲበዛ በጓሮ የሚያስገባን የምናውቀው ሰው፣ ቀበሌ ያለች የጎረቤት ልጅ… ሁላችንም አንዳንድ ሰው አለን። ለዚያም ነው ብዙም የማንጮኸው። መጮህ የሚችለው ሁሉ በየተራው በጆሮው ይንሾካሾክለታል። የሚቀረው ማንም የማያውቀው፣ ፌስታሉን ታቅፎ የሚቀመጠው ሰው ነው።

ለዚያ ተማሪዬ፦ ይህን ካነበብክ፣ አልተቀየምኩህም። ከልብህ ነው ያደረግከው። ግን ሌላ ጊዜ ከተገናኘን ወይ ለሁሉም ታሪፉን በል፣ ወይ እኔንም እጥፍ አስከፍለኝ። ያን ጊዜ አብሬያቸው እጮኻለሁ። የማታ ትምህርት ምዝገባ ሲከፈት ደግሞ ደውልልኝ። ያን ሒሳብ ሻይ ቤት ውስጥ ያለ ወረቀት የሠራ ጭንቅላት በር ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር አይገባም።

ለዚያች ልጅ፦ ስምሽን እንኳ አልጠየቅኩሽም። የእናትሽ ቡና ዕዳ አለብኝ። በዚያ መስመር ስመላለስ አላጣሽም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለእናንተ ደግሞ ጥያቄዬ ይቺ ናት። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ነው፤ መናኸሪያው እንደገና ሊሞላ ነው። ከየት ወዴት ሄዳችሁ፣ ታሪፉ ስንት ነበር፣ ስንት ከፈላችሁ? ከታች ጻፉልኝ። የሹፌርም የረዳትም ስም፣ ታርጋም አትጻፉ፤ ሰው ለማሳደድ አይደለም። መስመሩንና ቁጥሩን ብቻ። አሰባስቤ፣ በሰንጠረዥ አድርጌ፣ ጥምቀት ሳይደርስ ለሚመለከተው ክፍል በእጄ አስገባለሁ፤ ምን እንዳሉኝም እዚሁ እጽፋለሁ። በትውውቅ ታሪፉን ብቻ የከፈላችሁም እንደ እኔ ጻፉ። እናንተ ናችሁ የምታስፈልጉት።

መልካም በዓል፤ ለተመላሾችም መልካም መንገድ።